እመት ዶሮና የተነከሰው የባትሪ ድንጋይ

ጆሯችሁን ስጡኝ፤ አትቆጩም። ዶሮ ሰውን በክርክር የረታችበትን ልነግራችሁ ነው።

እንስሳም ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አያ ይርዳው የሚባል ሬዲዮ ወዳድ ገበሬ ነበረ። የባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ በክራንቻው ነክሶ ፀሐይ ያሞቀዋል። አንድ ቀን ነከሰው፤ ሬዲዮው ዜና አወራ። ሁለተኛ ቀን ነከሰው፤ ግማሽ ዘፈን ዘፈነ። ሦስተኛ ቀን ነከሰው፤ ጭጭ አለ። ያን ጊዜ ወደ ጓሮ ወረወረው።

ጓሮው ደግሞ እመት ዶሮ ሰባት ጫጩቶቿን ይዛ የምትጭርበት ነው።

ድንጋዩ እያቃሰተ፣ «እመት ዶሮ፣ ልጆችሽን አርቂ፤ ሆዴ ተቀዷል» አላት።

«ማን ና አለህ?»

«በእግሬ የመጣሁ መሰለሽ? በጥርሱ ቀደደኝ፣ ጣለኝ። ከሆዴ የሚፈሰው ነገር ቆዳ ይበላል።»

እነሱ ሲነጋገሩ ትንሿ ጫጩት የፈሰሰውን ለቀመች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

እመት ዶሮ ላባዋን አቁማ አያ ይርዳው ፊት ቆመች። «ልጄን ገደልክ። ስድስት ቀርተውኛል። ድንጋይህን አንሳ።»

«ለአንድ ጫጩት ነው ይህ ሁሉ ጩኸት?» አለና ድንጋዩን ወደ እሳት ወሰደው።

እሳት፣ «እኔ ውስጥ ከጣልከው ይፈነዳል፤ ዓይንህን ጠብቅ» አለው።

ወደ ጉድጓድ ውኃ ወሰደው።

ጉድጓድ፣ «ነገ የምትጠጣው እኔን መሆኑን ረሳኸው?» አለው።

«እንግዲህ የትም አልሄድም» አለና መልሶ ጓሮ ወረወረው።

እመት ዶሮ ደሟ ፈላ። ድንጋዩን በምንቃሯ እየገፋች፣ እየገፋች፣ የአያ ይርዳው ሚስት ዘርትሁን ምስር ከምትለቅምበት ሰፌድ ላይ አወጣችው።

«ምን ነክቶሽ ነው? ይኼ እኮ መርዝ ነው፤ የምንበላው ምስር ነው» አለች ዘርትሁን።

«ሰፌድሽ ላይ ሲያርፍ መርዝነቱን አወቅሽ። ልጄ ስትለቅመው የት ነበርሽ? ለመሆኑ የምትበይው እንቁላል ከየት የሚመጣ ይመስልሻል?»

«ረታሽኝ» አለች ዘርትሁን። ዞር ብላ ባሏን፣ «አንተ ሰው፣ ጥርስህን ለቆሎ አድርገው» አለችው። ከዚያ እጇን በፌስታል ጠቅልላ፣ ሰፌዱ ላይ ያለውንም፣ ባሏ ከዚህ በፊት አጥር ስር የጣለውንም ድንጋይ ሁሉ ለቅማ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ከተተች፤ ልጆች ከማይደርሱበት ሰቀለችው። በገበያ ቀን አያ ይርዳው አሮጌ ድንጋይ ለሚሰበስብ ሱቅ አስረከበ። ሱቁ ወደ ፋብሪካ ይልከዋል፤ እዚያ ብረቱ ተለይቶ ለሌላ ዕቃ ይሆናል።

«ይቅር በይኝ» አላት ሲመለስ።

እመት ዶሮ ግን ይቅር አላለችውም። ስድስት ልጆቿን ቆጥራ መንገዷን ቀጠለች።

ተረቴ እዚህ ላይ ያርፋል፤ እናንተ ግን አትረፉ። በራሳችሁ ሰፌድ ላይ የማትፈልጉትን በሌላው ጓሮ አትጣሉ። ተነሱና ያለቀውን ድንጋይ ከየመሳቢያው አውጡ፤ አትንከሱት፣ አታቃጥሉት። ክዳን ያለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ ክተቱና የሚቀበል ቦታ ጠይቁ። ዛሬውኑ ሞክሩት።