ማሰሮው ውስጥ ያልገባችው ንብ

«አንድ ሰው ነበረ። አርባ ቀፎ ንብ ነበረው።»

አዛውንቱ አቶ ድንበሩ እንዲህ ብለው የጀመሩት የእህታቸው ልጅ አስካለ ለጠየቀቻቸው ጥያቄ ነው። በውስጥ እግሯ ላይ የወጣው ጥቁር ምልክት የቆዳ ካንሰር ነው ተብላለች፤ ሐኪሞቹም ቆርጠው ሊያወጡት ለማክሰኞ ቀጥረዋታል። እሷ ግን ከቅጠል የወጣ ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ውስጥ የካንሰሩን ሴል ራሱን በራሱ እንዲገድል አደረገው ሲባል በሬዲዮ ሰምታለች። «ታዲያ ጋሼ፣ ቅጠሉ ጓሯችን አለ። እየቀባሁ ብጠብቅስ? ለምን እቆረጣለሁ?»

አዛውንቱ ደክሟቸዋል። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቀጠሉ።

«ከአርባው ባንዱ ቀፎ ሰም የሚበላ ትል ገባ። ጎረቤቱ አይቶ፣ ‹የተበላውን የማር እንጀራ ቆርጠህ ጣለው፤ ሌላው ይተርፋል› አለው። ሰውዬው ማሩ አሳሳው። ባዶ ቀፎ በቅጠል እያጠነ ንብ ሲያስገባ የኖረ ሰው ስለሆነ ከቅጠል የሚበልጥ ነገር አይታየውም። ሃምሳ ትል ለቅሞ ማሰሮ ውስጥ ከተተ፤ መራራ ቅጠል አጭሶበት አፉን ከደነው። ሲከፍተው ሃምሳውም ሞተዋል። ቆጠራቸው። ጎረቤቱንም ጠርቶ አስቆጠረው። ‹እንግዲህ ቢላህን ይዘህ ወደ ቤትህ› አለው።

«አንድ ወር ሙሉ ያንን ቀፎ አጠነ። ጢሱ ሲሳሳ ትሉ ሰሙ ውስጥ ጠልቆ ተቀመጠ፤ ጢሱ ሲወፍር ንቡ ታመመ። በዚህ መሀል ትሉ ወደ ሌሎቹ ቀፎዎች ተዛመተ። ሰውዬው ተናደደና የአርባውንም አፍ ባንድ ጠዋት ደፍኖ አጠናቸው። ሲከፍት የሞተ ንብ በእፍኝ ዛቀ። የተረፈው ንብ ተነሥቶ ሄደ። ትሉ ግን እዚያው ሰሙ ውስጥ ነበር።

«ጎረቤቱ መጥቶ ባዶውን ቀፎ አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። ‹ለመሆኑ ማሰሮው ውስጥ ስንት ንብ ከተህ ነበር?› ሰውዬው አንድም አልከተተም።

«አየሽ አስካለ፣ ቅጠሉ አልዋሸም። ማሰሮው ውስጥ ገድሏል። ሬዲዮውም የነገረሽ የማሰሮውን ነው። አንቺ ግን ቀፎ ነሽ። ጢሱ ምን ያህል ቢሆን ትሉን ገድሎ ንቡን እንደሚምር፣ ላቦራቶሪ ያሉት ሰዎች ገና እየቆጠሩ ነው። ይቁጠሩ። አንድ ቀን መድኃኒቱ ከዚያው ቅጠል ይወጣ ይሆናል። ለማክሰኞ ግን አይደርስም።»

«አንካሳ ሆኜ ብቀርስ?»

«ብታነክሺም ከኔ ቀድመሽ ገበያ ትደርሻለሽ።» ዱላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። «ይህን ካንቺ በፊት ለሦስት ሰው ነግሬያለሁ። ሁለቱ ቅጠላቸውን ይዘው ሄዱ፤ ሁለቱንም ቀብሬያለሁ። ሦስተኛው እያነከሰ ያርሳል። ያ ሰው ለአንድ ቀፎ ማር ሳስቶ አርባ ቀፎ ንብ አጣ። ያንቺ ሂሳብ ከሱ ይቀላል። የሚሄደው የጣት ያህል ሥጋ ነው። የምትቀሪው አንቺ ነሽ።»