ተሰክቶ ያደረ ወስፌ

ባለቤቴ በየካቲት ሞተች።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዕቃዎቿን ከአልጋ ሥር ማውጣት ጀመርኩ። ጥልፍ ጠላፊ ነበረች። ክሮቿ፣ መርፌዎቿ፣ አዝራሮቿና ቁርጥራጭ ጨርቆቿ በሦስት ካርቶን ተጠቅጥቀው ነበር። ካርቶኖቹን በጓሮ በኩል ወዳለው በረንዳ ተሸክሜ አወጣኋቸው። እሷ ብርሃን ፈልጋ የምትጠልፈው እዚያ ነበር። ጣውላና ምስማር በዋዜማው አዘጋጅቼ ነበር። ስድስት ዓመት የሆናት ልጄ ትርሲት በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«አባዬ፣ እማዬን ከቤት ልታስወጣት ነው?» አለችኝ።

አይደለም አልኳት። አላመነችኝም። ቁርሷን ትታ ደረጃው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ። ጣውላውን በረንዳው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ፤ ለእያንዳንዱ ክር አንድ ምስማር መትቼ ክሮቹን አንጠለጠልኩ። መርፌዎቹ የሚሰኩበት ቁራጭ ስፖንጅ ጫፉ ላይ አደረግሁ። ለአዝራሮቹ ጣሳዎች አጥቤ ደረደርኩ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ትርሲት አላናገረችኝም። እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ግን እንደተኮራረፍን ሊመሽብን ነው ብዬ ፈራሁ። መዶሻውን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩና ይህን ምሳሌ ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። ሚስቱ ሞተችበት።

«ስሟ ማን ነው?» አለች ትርሲት፣ ፊቷን ሳታዞር።

በምሳሌ ውስጥ ያሉ ሰዎች ስም የላቸውም አልኳት።

«ምስኪኖች» አለች።

ሴትየዋ ስፌት ሰፊ ነበረች። የምትሰፋው ጓሮ፣ ከቤቱ ጋር በተያያዘች የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ጓሮው ሁሉ የእሷ ነበር። የስንደዶው እስር አጥር ተደግፎ ይቆማል። አለላው፣ ማለት ቀለም የገባው ስንደዶ፣ በየቦታው ነው። ቀዩ በአሮጌ ድስት፣ አረንጓዴው በጣሳ፣ ቢጫው በአጥሩ ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጦ ይገኛል። ወይን ጠጁ የት እንዳለ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። በመካከሉ መሄጃ አልነበረም። ባሏ እግሩን እያነሳ ሲያልፍ ዶሮ የጫረችው ጓሮ ከዚህ ይሻላል ይላት ነበር።

«ዶሮዋ እኔ ነኝ። አንተ እንቁላሉን ብላ» ትለዋለች። ከዚያ ዓይኗን ከሥራዋ ሳትነቅል እጇን ትዘረጋና የፈለገችውን ቀለም ታነሳለች።

አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ቁጭ ብላ አለላ ትለያለች። ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ ጋር ታደርጋለች። እናቷ «ቀጥሎ» ስትላት ተራው የደረሰውን ቀለም ታቀብላለች። ሥራዋ ይህ ነበር፤ ትኮራበትም ነበር።

እናትየዋ ለዚህች ልጅ ሙዳይ ጀመረችላት። በልጅ እጅ የሚያዝ፣ ክዳን ያለው ትንሽ ሙዳይ ነው። ቁመቱ አራት ጣት ሲደርስ አንድ ቀን ራሷን አመማት። ወስፌውን በምትሰፋው ዙር ላይ ሰካችና «መጣሁ» ብላ ወደ ቤት ገባች። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ለቅሶው ሲያበቃ ጎረቤቶች ጓሮውን እናጽዳልህ ብለው መጡ። ሰውየው አልፈቀደም። እሷ ያስቀመጠችው ሁሉ እሷ ባስቀመጠችበት ይቆያል አለ። ክፋት አልነበረውም። ጓሮውን ሲያየው ሚስቱ አሁን ገና የተነሳች ይመስለዋል። ያንን እንዳያጣ ፈራ። ክረምቱ እየቀረበ ስለነበር ትልቅ ላስቲክ አመጣ። ስንደዶውን፣ ድስቱን፣ ጣሳውን፣ ሙዳዩንም ከነወስፌው ሸፈነ። ዙሪያውን በገመድ ጠፍሮ አሰረ፤ ጠርዙን ድንጋይ ጫነበት። ልጁንም እንዳትነኪ ብሎ አስጠነቀቃት።

ልጅቷ አልነካችም። በላስቲኩ ዙሪያ መሄድ ለመደች። አንድ ጊዜ ብቻ ሙዳዬን ስጠኝ አለችው። ይቆይ አላት። እስከ መቼ ብላ ጠየቀችው። ይህን አስቦበት አያውቅም፤ ጎንበስ ብሎ ገመዱን አጠበቀ። ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

የዚያ ዓመት ክረምት ከባድ ነበር። ሰውየው በየጠዋቱ ወጥቶ ገመዱን ይፈትሻል። አንድ ጠብታ ውኃ አልገባም። ልቡ እያረፈ ወደ ሥራው ይሄዳል።

መስከረም ላይ አንዲት ባልቴት ከገጠር መጡ። ሟቿን በልጅነቷ ስፌት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። መርዶውን ዘግይተው ነው የሰሙት፤ ከሰሙም በኋላ ወንዝ ሞልቶ አላሻግር ብሏቸው ከረመ። አልቅሰው ሲያበቁ የእጇን ሥራ አሳየኝ አሉት። ሰውየው ደስ አለው። እንዴት አድርጎ እንደጠበቀው የሚያይለት ሰው አገኘ። ድንጋዩን አነሳ፣ ገመዱን ፈታ፣ ላስቲኩን ገለጠ።

መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው።

ላስቲኩ ዝናቡን ከልክሏል። የመሬቱን እርጥበት ግን አፍኖ ይዞታል። ስንደዶው ጠቁሮ ሻግቷል። ቀዩ ወደ ቢጫው፣ ቢጫው ወደ አረንጓዴው ገብቷል። ድስቱ ውስጥ አይጥ ወልዳለች። ሰውየው የላስቲኩን ጫፍ እንደያዘ ቀረ።

ባልቴቷ በርጩማዋ ላይ ሆኖ ከሻጋታው የተረፈውን ሙዳይ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ሲያገላብጡት ወስፌውን አዩ። ይህን ማን ሰካው ብለው ጠየቁ። እሷ ናት፣ ከዚያ ወዲህ የማንም እጅ አላረፈበትም አላቸው። ቢያንስ ይህ እንደነበረ ነው ብሎ አስቦ ነበር።

«ልጄ» አሉት፣ «ሳስተምራት ከሁሉ በፊት የነገርኳት ይህን ነው። ወስፌ ተሰክቶ አያድርም። ይዝጋል፤ ቀዳዳውንም ያሰፋዋል። ማታ ማታ ነቅላ አልነበረም የምትነሳው?»

ሰውየው አሰበ። እውነታቸውን ነበር። ማታ ማታ ወስፌውን ትነቅልና በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ ታስቀምጠዋለች። ዓመታት አይቶታል፤ ልብ አላለውም።

«ያን ዕለት የተወችው እመለሳለሁ ብላ ነው» አሉ ባልቴቷ። «አንተ ይኸው አምስት ወር፣ ከመቀመጫዋ ብድግ እንዳለች አቆምካት። አይደክማትም?»

ሰውየው ሙዳዩን ከጭናቸው ላይ አነሳና ወስፌውን ነቀለው። ዝገቱ ስለያዘው በቀላሉ አልወጣም፤ እያዞረ ነው ያወጣው። ሲወጣ እሷ በመጨረሻ የሰፋቻቸው ሦስት ስፌቶች አብረው ተበጠሱ። ሲጠብቃቸው የከረመው እነሱኑ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከቀብሯ ቀን ወዲህ አላለቀሰም ነበር።

ባልቴቷ እስኪበቃው ጠበቁት። ስፌት ይፈታል፣ ተመልሶም ይሰፋል፤ ይህ አያስጨንቅህ አሉት። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። የቀለሙን አካሄድ ያሰበችው እሷ ናት። ቀጥሎ የሚገባውን ደግሞ አሁን የሚነግረን የለም አሉ።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ሁለት ዙር ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ እንደገና ሁለት ቢጫ» አለች።

ሁለቱም ዞረው አዩአት።

«አፉ ጋ ሲደርስ ወይን ጠጅ ነው። ክዳኑ ደግሞ…» ብላ ቆመች። ጣቶቿን አየች። «ክዳኑን ነግራኝ ነበር። ዝናብ ሳይጀምር አውቀው ነበር።»

ሰውየው ይህን ሰማ። በዚያ ቀን ሻግቶ ካየው ነገር ሁሉ ይህ በለጠበት።

በማግስቱ ጓሮውን ማስተካከል ጀመረ። የሻገተውን አቃጠለ። ከእስሩ መሃል ደርቆ የተረፈ ጥቂት ስንደዶ ነበር፤ እሱን ለየ። የአሮጌ አልጋ ርብራብ በአራት ድንጋይ ላይ አጋድሞ ስንደዶውን ከመሬት አነሳው፣ ከሥር ነፋስ እንዲያገኘው። ባዶ የዘይት ጀሪካኖችን አንገታቸው ላይ ቆረጠ። እንዲተነፍሱ ጎናቸውን በጋለ ምስማር በሳሳው። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ጣውላ ላይ ደረደራቸው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ። መጀመሪያ ቀጥ አድርጎ ሰቅሏቸው ነበር። ባልቴቷ አይተው ዝናብ ልትቀዳባቸው ነው ወይ አሉት። አፋቸውን ወደ ፊት ዘንበል አደረጋቸው። ለወስፌው የአሮጌ ጫማ ሶል ግድግዳው ላይ መታ፤ ማታ ማታ እዚያ ላይ ይሰካል። በመጨረሻም ከበሩ እስከ ጥላው ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፈ። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ዞራ አልሄደችም።

ባልቴቷ ሁለት ሳምንት ተቀምጠው የወስፌውን አያያዝ አሳዩአት። አዲስ አለላ ነከሩላት። ሙዳዩ አለቀ። ሦስቱ ስፌቶች የተበጠሱበት ቦታ ትንሽ ጎበጥ ብሏል፤ ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል። ክዳኑ ግን ቀለም የለውም። ልጅቷ እማዬ ያላለችውን ቀለም አላስገባም ስላለች ስንደዶውን ሳይነከር እንዳለ ሰፉት።

ምሳሌው ይኸው ነው።

ትርሲት ወደ እኔ ዞራ ነበር። «ክዳኑ ኋላ ትዝ አላት?» አለችኝ።

«አላላትም» አልኳት።

ከንፈሯን ነከሰች።

«አየሽ ትርሲት» አልኳት። «ጠዋት እማዬን ልታስወጣት ነው ወይ አልሽኝ። እኔም እንደዚያ ሰውዬ ነኝ። ላስቲክ አላለበስኩም እንጂ፣ ስምንት ወር ካርቶኖቹን ከአልጋ ሥር ገፍቼ በላያቸው ተኝቻለሁ። ሰውየው ሚስቱን ጓሮው ውስጥ ያስቀመጣት መስሎት ነበር። እሷ ግን ያለችው ‹ቀጥሎ› ስትላት የምትሰማት ልጅ ውስጥ ነበር። እናትሽም እንደዚሁ ናት። ያለችው አንቺ ውስጥ ነው። ያ ደግሞ ዝም ሲባል ይረሳል። ዕቃዋን ያወጣሁት እሷን ላስወጣት አይደለም። ሳትረሺው እንድትነግሪኝ ነው።»

ትርሲት ተነስታ ወደ ሦስተኛው ካርቶን ሄደች። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ አንድ ነጭ ጨርቅ አወጣች። ለእሷ የተጀመረ የቀሚስ አንገትጌ ነበር። ግማሹ ተጠልፏል። መርፌው ከነክሩ እዚያው ላይ ነበር።

«ይህን ለምን አልነቀልከውም?»

«አንቺን ስጠብቅ ነው» አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ጠዋት ሁለት ጊዜ ይዤው እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር።

ነቀለችው። በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችው። እናቷ እንዲህ ታደርግ እንደሆነ አላስታውስም። ከዚያ አንገትጌውን ጭኔ ላይ ዘርግታ በጣቷ ታሳየኝ ጀመር።

«ይሄ ቅጠል ነው። ግን አረንጓዴ አይደለም፣ ሰማያዊ ነው። አረንጓዴ ሁሉም ሰው ያደርገዋል ብላለች እማዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አበባው። ብርቱካን። ከዚያ ደግሞ ቅጠል። እዚህ ጋ ደግሞ ወፍ ጠይቄያት እሺ ብላኝ ነበር።»

ወፏ ምን ቀለም እንደሆነች ጠየቅኳት። አልተወሰነም ነበር አለችኝ፤ እሷ ታስብበታለች። በካርቶኑ ጀርባ ላይ በእርሳስ ሁሉንም ጻፍኩት። ወፍ፣ ገና ያልተወሰነ፣ ብዬ ጨመርኩ።

መርፌውን ይዛ ወደ ጣውላው ሄደች። ስፖንጁ ላይ ልትሰካው ተንጠራራች። በእግሯ ጣቶች ቆመች። አልደረሰችበትም። ዞር ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ይሄን ለማን ነው የሰቀልከው?»

አየሁት። ሳላስበው በእናቷ ቁመት ሰቅዬው ነበር። ክሮቹን አወረድኩ። ጣውላውን የያዙትን ምስማሮች አንድ በአንድ ነቀልኩ። ትርሲትን ግድግዳው አጠገብ አቆምኳትና ጣውላውን በትከሻዋ ልክ መልሼ መታሁት።