የኋላውን በር ማን ይክፈት?

ሰው ድግስ ሲደግስ መግቢያውን በአበባ ያስጌጣል፤ መውጫውን ግን ለምን ይረሳል? ማስተዋል ይህን ጥያቄ ለዓመታት በሆዷ ይዛው ኖራለች። ዓይነ አፋር ናትና ማንንም ጠይቃ አታውቅም። በእህቷ በሰናይት ሠርግ ቀን ግን፣ አራት መቶ እንግዳ አዳራሹን ከሞላው በኋላ፣ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ሸተታት። የኋላው በር መቆለፉን ታውቃለች። እንዲከፈት ፈለገች፤ ሌላ ምንም አልፈለገች።

ወደ ዘበኛው ሄደች። "ጋሽ ደምሰው፣ የኋላውን በር ይክፈቱልኝ።"

"ምን ሊያደርግልሽ? የለስላሳ ሣጥን ተደርድሮበታል። ሣጥኑ ይነሣና እከፍታለሁ።"

መጠጥ ወደሚያድሉት ሴት ሄደች። "እትዬ የሺ፣ ሣጥኑን ያስነሡልኝ። ሣጥኑ ካልተነሣ ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ መውጫ የለንም።"

"ኧረ በሠርግ ቀን አታሟርቺ! ደግሞ መጋረጃ ተጋርዶበታል። መጋረጃው ይገለጥና አስነሣለሁ።"

ሽታው ጠነከረ። አዳራሹን ወዳስጌጠው ወጣት ሮጠች። "ናሆም፣ መጋረጃውን ግለጠው። መጋረጃው ካልተገለጠ ሣጥኑ አይነሣም፤ ሣጥኑ ካልተነሣ ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ መውጫ የለንም።"

"አንቺ ነገር አበዛሽ! ጫፉን የአጎትሽ ወንበር ረግጦታል። እሳቸው ይነሡና እገልጣለሁ።"

ወደ ክብር ቦታው አለፈች። አጎቷ ጋሽ ተሰማ፣ የዘመዱ ሁሉ ታላቅ፣ በክብር ወንበራቸው ተሰይመዋል።

"ጋሼ፣ ይነሡልኝ። እርስዎ ካልተነሡ መጋረጃው አይገለጥም፤ መጋረጃው ካልተገለጠ ሣጥኑ አይነሣም፤ ሣጥኑ ካልተነሣ ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ መውጫ የለንም።"

"እኔ? እኔ የምነሣው ለታላቄ ነው፤ ታላቆቼ ደግሞ ሁሉም አፈር ገብተዋል!" አሉ። በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ሣቀ።

ማስተዋል ወደ ዋናው መግቢያ ዞረች። ከአበባው ጀርባ፣ ከመብራቱ ሽቦ ላይ፣ ጭስ እንደ ክር ይወጣል። "እሳት!" ብትል አራት መቶ ሰው በዚያው በር ሊወጣ ሲል እርስ በርሱ ይረጋገጣል። ዝም ብትል ደግሞ በሩ ይነድና ሁሉም እዚሁ ይቀራል። ምን ትበል?

"ኖር!" አለች፣ ከዚያ በፊት ሰው ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ።

"ኖር! ኖር!" እያለ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ታላቅ ሰው ገባ ሲባል ማን ይቀመጣል? ጋሽ ተሰማም ብድግ አሉ።

"ማን ነው የገባው ልጄ?"

"እሳት ነው ጋሼ" አለቻቸው በጆሯቸው።

ቀና ብለው አዩ። ወንበራቸውን ራሳቸው ጎተቱት። ወንበሩ ሲነሣ መጋረጃው ተገለጠ፤ መጋረጃው ሲገለጥ ሣጥኑ ተነሣ፤ ሣጥኑ ሲነሣ ዘበኛው ከፈተ፤ ዘበኛው ሲከፍት የኋላው በር ወለል አለ!

"ሙሽሮቹ ይቅደሙ! ማንም እንዳይጋፋ!" አሉ ጋሽ ተሰማ። ሕዝቡ ቆሞ ነበርና፣ የታላቅ ቃልም ነበርና፣ ተከታትሎ ወጣ። የመጨረሻው ሰው ደጁን ሲረግጥ የመግቢያው አበባ ቦግ ብሎ ነደደ።

ውጭ፣ ጋሽ ደምሰው እጃቸው ላይ የቀረውን ጓጉንቸር እያገላበጡ "ይኼን ምን ላድርገው?" አሉ።

ማስተዋል ተቀበለቻቸውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከእንግዲህ ድግስ በተጠራች ቁጥር ከእንግዳ ሁሉ ቀድማ ልትሄድ፣ ቁልፍ ያለውንም ሰው ሳታገኝ ላትቀመጥ ወሰነች።