ስም ያልተጻፈባት ቱቦ

«ተረት ተረት!» ስላችሁ «የላም በረት!» ትሉኝ የለ? ዛሬስ ያላችሁት እውነት ሆነ። በረትም አለ፣ ላምም አለች፤ ላሚቱም ጎህ ሲቀድ ጀምራ ትጮሃለች።

ላሚቱ አደይ ትባላለች። በተወለደች በሦስተኛው ቀን እናቷ ስትሞት፣ ትርንጎ የምትባል ሴት በጡጦ አጥብታ፣ በጋቢ ጠቅልላ አሳደገቻት። ትርንጎ አደይን ትወዳታለች፤ ይህን ለመናገርም አታፍርም። ባሏ ጎሹ ግን ትዕግሥቱ አልቋል። አደይ ሁለት ጊዜ ተዳቅላ ሁለቱንም ጊዜ ጽንስ አልያዘችም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ እኮ!» ብሎ ትናንት ሥጋ ነጋዴ አምጥቶ ጎኗን አስዳሰሰ። ዛሬ ጧት ጩኸቷን ሲሰማ ደግሞ «እንግዲያው ይቺ የመጨረሻ ዕድሏ ናት። ዛሬ ሳትዳቀል ከመሸ ቅዳሜ ነጋዴው ይነዳታል» ብሎ ወጣ።

ኮርማ ፈልጋ ጧት የጮኸች ላም ፀሐይ ሳትጠልቅ መዳቀል አለባት። ፀሐይ ከቀደመች አለፈ ነው፤ ሌላ ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። አደይ ደግሞ ያላት እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው። የፈለገችው አንዲት ጥጃ ነበር፤ ትርንጎም ከዚያ ሌላ አልፈለገችም።

አዳቃዩ ይበልጣል በሞተር ሳይክል ሲደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ረጅሙን ጓንት እስከ ትከሻው አጠለቀና ከቀዝቃዛው ዕቃ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ቱቦ አወጣ። ቱቦዋ ፕላስቲክ ናት፤ ከሰንደዶ ትንሽ ወፈር ትላለች፤ በሆዷ የኮርማ ዘር ይዛለች። በጎኗ ላይ የኮርማው ቁጥር ሊኖር ይገባ ነበር። ይበልጣል ወዲህ አገላበጣት፣ ወዲያ አገላበጣት። ምንም የለም።

«አላስገባትም» አለ።

«ለምን?»

«ስም የላትም፣ እትዬ ትርንጎ። የማን ዘር እንደሆነ በምን አውቃለሁ? የራሷ የአደይ አባት ቢሆንስ?»

«ኧረ በሞቴ! ዘር ዘር ነው፤ ስም ምን ይሠራል? ላሚቱ ስም ቁጠሪ አልተባለች!»

«ልጅ ካባቷ ስትወልድ ጥጃው ምን ሆኖ እንደሚወጣ አይቻለሁ። ምነው ባላየሁ። ይልቅ ጣቢያው ይሂዱና የተጻፈባት ቱቦ ይዘው ይምጡ። የአደይን ካርድም አይርሱ፤ የአባቷ ቁጥር አለበት። እኔ እዚሁ ጠብቃታለሁ።»

ትርንጎ ሰደበችው። ምን ብላ እንደሰደበችው አልነግራችሁም፤ ልጆች አሉ። ካርዱን ጉያዋ ከተተች። ለአደይ ልታልሳት ጧት በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረቻት የጨው ጉርድም እንደተቋጠረች፣ ባጃጅ አስቁማ በረረች። አዳቃዩ አላስገባ አለ፤ አደይ ትጮሃለች፤ ፀሐይም አትጠብቅም።

የማዳቀያ ጣቢያው ስትደርስ የተጻፈባቸው ቱቦዎች አልቀዋል፤ ጧት ከኮርማ የተወሰደ ዘር በብልቃጥ ሆኖ በሞቀ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። ከጎኑ ነጫጭ ባዶ ቱቦዎች ተደርድረዋል። ትርንጎ አንዷን ብድግ አደረገች።

«ቱቦ፣ ቱቦ፣ ዘሩን ያዢልኝ! አዳቃዩ አላስገባ አለ፤ አደይ ትጮሃለች፤ ፀሐይም አትጠብቅም።»

«አልሞላም» አለች ቱቦዋ። ቱቦ ይናገራል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ በተረት ይናገራል፤ ያውም ኩሩ ናት። «ዛሬ ሳይጻፍብኝ ብሞላ፣ ነገ ሰው አገላብጦ ይጥለኛል። መጀመሪያ ብርሃኑ ይጻፍብኝ።»

ብርሃኑ ማለቷ ሌዘር የሚሉትን ነው። በብረት ሣጥን ውስጥ ይኖራል፤ ቀለም የለው፣ ብዕር የለው፤ ነጩን ፕላስቲክ በጨረሩ ሲነካው ይጠቁርና ፊደል ይሆናል። ትርንጎ ሣጥኑን አንኳኳች።

«ብርሃን፣ ብርሃን፣ ጻፍልኝ! ቱቦዋ አልሞላ አለች፤ አዳቃዩ አላስገባ አለ፤ አደይ ትጮሃለች፤ ፀሐይም አትጠብቅም።»

«አልጽፍም» አለ ብርሃኑ። «እኔ የታዘዝኩትን እንጂ ያሰብኩትን አልጽፍም። ወይንሸት ትዘዘኝ።»

ወይንሸት ማሽኑን የምታዝ ልጅ ናት፤ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ኮምፒውተሩ ፊት እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ወይንሸት፣ ልጄ፣ እዘዢልኝ! ብርሃኑ አልጽፍ አለ፤ ቱቦዋ አልሞላ አለች፤ አዳቃዩ አላስገባ አለ፤ አደይ ትጮሃለች፤ ፀሐይም አትጠብቅም።»

«አላዝም፣ እናቴ» አለች ወይንሸት። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ እምቢታዋ ግን ድንጋይ ነው። «ቁጥሩን የነገረኝ የለም።»

«ገምቺያ! ከመሰለሽ አንዱን ጻፊ፤ ከተሳሳትሽ ታጠፊዋለሽ!»

«በምን አጠፋዋለሁ? ቀለም ቢሆን በአልኮል ይጠረጋል። በብርሃን የተጻፈ አይፋቅም። በአንድ ቁጥር ብስት ለስንት ላም የሐሰት አባት አወጣለሁ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? የኔስ ከፈሰሰ አይለቀምም። የኮርማዎቹ ጠባቂ ጋሽ ድንበሩ ቁጥሩን ይንገሩኝ። ደግሞ ፈጠን ይበሉ፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ዘር ከዛሬ አያልፍም።»

ሰዓቱ ዘጠኝ ሆነ። ትርንጎ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ኮርማዎቹ በረት ሮጠች። ጋሽ ድንበሩ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከበሬ ጋር የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ቁጥር ይንገሩ! ወይንሸት አላዝ አለች፤ ብርሃኑ አልጽፍ አለ፤ ቱቦዋ አልሞላ አለች፤ አዳቃዩ አላስገባ አለ፤ አደይ ትጮሃለች፤ ፀሐይም አትጠብቅም።»

«አልናገርም» አሉ ጋሽ ድንበሩ። «የማላውቀውን እንዴት ልናገር? እነዚህን ሁለት ቡራቡሬዎች እዪያቸው። ዘመዳሞች አይደሉም፤ መልካቸው ግን መንታ ነው። ባንድ ቀን መጡ፤ አንዱ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት ተባለ፣ ሌላው አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ። ትናንት በረት ሲጠረግ ቦታ ተለዋወጡ። ጧት ዘር የሰጠው ይኸኛው መሆኑን አይቻለሁ። ይኸኛው ማን እንደሆነ ግን የሚያውቀው ጆሮው ነው፤ ጆሮው ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ በጭቃ ተለብጧል። ቀርቤ ልጠርግ ብል ሊወጋኝ ነው።»

ትርንጎ ካርዱን ከጉያዋ አወጣች። የአደይ አባት፦ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት። ከሁለቱ አንዱ የአደይ አባት ነው! ዘሩ የሱ ከሆነ ዛሬ አለቀ ማለት ነው፤ ቅዳሜም ደረሰ ማለት ነው።

«የት አገኘሽው ይኼን?» አሉ ሽማግሌው ካርዱን አይተው።

«የላሜ ካርድ ነው፤ አዳቃዩ ነው ይዘሽ ሂጂ ያለኝ። ስም የሌላት ቱቦ ነበረችው፤ አስገባ ብዬ ስለምነው እምቢ አለኝ።»

ጋሽ ድንበሩ ራሳቸውን ያዙ። «ስም የሌላት? ወይ ጣጣ! ባለፈው ወር የብርሃኑ መስተዋት ጉም ይዞበት ጥቂት ቱቦዎች ሳይጻፍባቸው አምልጠዋል። ያን ቀን የተሞላው የአሥራ ሰባቱ ብቻ ነበር።»

ትርንጎ ቀትር ላይ አስገባ ብላ የለመነችው፣ እምቢ ሲላት አዳቃዩን የሰደበችበት፣ የዚያን ዘር ነበር! አደይን ለገዛ አባቷ ልትሰጥ ነበር። አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ፈራች። ግን ቁጭ ብሎ ማልቀሻ ጊዜ አልነበረም፤ ጥላዋ በግቢው ላይ ረዝሟል። ወደ ኮርማው ዞረች።

«ኮርማ፣ ኮርማ፣ ጆሮህን ስጠኝ! ጋሽ ድንበሩ አልናገር አሉ፤ ወይንሸት አላዝ አለች፤ ብርሃኑ አልጽፍ አለ፤ ቱቦዋ አልሞላ አለች፤ አዳቃዩ አላስገባ አለ፤ አደይ ትጮሃለች፤ ፀሐይም አትጠብቅም።»

«ጆሮዬን አልሰጥም» አለ ኮርማው፤ አፈሩን በሰኮናው ጫረ። «ጧት ዘሬን ሲወስዱ ስንት ቃል ገቡልኝ፤ ከወሰዱ በኋላ የጠየቀኝ የለም። ጨው ካልላስኩ አንገቴን አላጎነብስም።»

ጨው! ትርንጎ የነጠላዋን ጫፍ ዳሰሰች። አለች። ቋጠሮው ግን ጠብቋል፤ በጥርሷ ብትስብ፣ በጥፍሯ ብትቧጥጥ አልፈታ አለ።

«ጨው፣ ጨው፣ ውጪልኝ! ኮርማው ጆሮ አልሰጥ አለ፤ ጋሽ ድንበሩ አልናገር አሉ፤ ወይንሸት አላዝ አለች፤ ብርሃኑ አልጽፍ አለ፤ ቱቦዋ አልሞላ አለች፤ አዳቃዩ አላስገባ አለ፤ አደይ ትጮሃለች፤ ፀሐይም አትጠብቅም።»

«አልወጣም» አለች ጨው ከቋጠሮዋ ውስጥ። «እኔ የተቋጠርኩት ለአደይ ነው። የማላውቀው ኮርማ አይልሰኝም።»

እዚህ ላይ የትርንጎ ትዕግሥት ተበጠሰ። ከቀትር ጀምሮ እምቢታ ስትሰማ የዋለች ሴት ናት፤ ይኼኛውን የሰማችው ደግሞ ከገዛ ነጠላዋ ነው።

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል ሲባል አልሰማሽም?» አለቻት። «ለአደይ ከሆንሽ አሁን ነው ለአደይ የምትሆኚው! እምቢ ካልሽ ከነነጠላዬ ገደል እወረውርሻለሁ!»

ጨው ፈራች። ቋጠሮው ላላ። ጨው እጅ ላይ ወጣች፤ ኮርማው ሸተተው፤ አንገቱን አጎነበሰ፤ ትርንጎ መዳፏን ዘረጋች፤ ሻካራ ምላሱ ላሳት። ጋሽ ድንበሩ ቀስ ብለው ተጠጉ፤ ጆሮውን ያዙ፤ ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ይጠርጉ ጀመር።

«አራት» አሉ።

ትርንጎ መዳፏን ወደ ምላሱ አስጠጋች።

«አንድ።»

ኮርማው ይልሳል። ጨው እያለቀች ነው።

«አንድ።»

የመጨረሻዋ ላይ ጭቃው ደርቋል። ሽማግሌው ምራቅ አስነኩት፤ ፈተጉት፤ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ኧረ ማነው ይኼ… ቆይ… ሰባት… አይ፣ ጭቃ ነው… ራሱ ክብ ነው…»

«ጋሽ ድንበሩ፣ ገደሉኝ እኮ!»

«ዘጠኝ!» አሉ። «ዘጠኝ ነው፣ ልጄ! አባቷ አይደለም!»

ከዚያማ ማን ያቁመው! ጨው ጣፈጠች፤ ኮርማው ጆሮ ሰጠ፤ ጋሽ ድንበሩ ተናገሩ፤ ወይንሸት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደግማ አዘዘች፤ የሣጥኑ ክዳን ተዘጋ፤ ብርሃኑ ትዝዝ ብሎ ጻፈ፤ ቱቦዋ ስሟን ይዛ ኮራች፤ ዘሩን ጠጥታ ተሞላች። ወይንሸት በጨርቅ ጠቅልላ ለብ ያለ ፔርሙስ ውስጥ ከተተቻት። ትርንጎ ፔርሙሱን በሁለት እጇ አቅፋ ባጃጅ ላይ ወጣች፤ ሹፌሩን «ንዳው፣ የኔ ልጅ፣ ጉድጓዱን ግን አደራህን!» እያለች መንገዱን በሙሉ ስትማጠነው ሄደች።

ስትደርስ ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አደይ ድምፅዋ ሰልሏል፤ ግን ትጮሃለች። ይበልጣል ጓንቱን አጥልቆ ዘሎ ተነሳ፤ ቱቦዋን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ላሚቱ ዞረ።

«ቁም!» አለች ትርንጎ። «ስሙን አንብብ።»

«እትዬ፣ ፀሐይዋ እኮ…»

«ፀሐይዋ ትግባ! ሳታነብ አታስገባም!»

ምን ታረጓታላችሁ! ጨውም እሺ ብላ፣ ኮርማም እሺ ብሎ፣ አሁን ደግሞ ትርንጎ እምቢ አለች። ይበልጣል ሳቁን ዋጠ። ቱቦዋን ወደ መጨረሻው ብርሃን ከፍ አድርጎ ካርዱ አጠገብ አስጠጋትና አነበበ፦ «አራት፣ አንድ፣ አንድ፣ ዘጠኝ።»

«ድገመው።»

ደገመው።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አለች ትርንጎ። «ቀን ላልኩህ ሁሉ። አሁን አስገባ።»

አዳቃዩ አስገባ። ፀሐይም ገባች።

ጎሹ ማታ ሲመጣ ሁሉንም ነገረችው፤ ነጋዴውን ለሃያ አንድ ቀን አስቆየላት። የያዘች ላም በሃያ አንደኛው ቀን አትጮህም፤ ያልያዘች እንደገና ትጮሃለች። ትርንጎ ቀኑን በጣቷ ስትቆጥር ከረመች። በሃያ አንደኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ተነስታ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆመች። ጥቂት ቆይቶ ጎሹም ጋቢውን ደርቦ መጣና ከጎኗ ቆመ።

ኮርማው ጆሮ ሰጥቷል፤ ጋሽ ድንበሩ ተናግረዋል፤ ወይንሸት አዛለች፤ ብርሃኑ ጽፏል፤ ቱቦዋ ተሞልታለች፤ አዳቃዩ አስገብቷል። አደይስ?

ወፎች ተንጫጩ። ፀሐይ ወጣች። አደይ ገለባዋን እያመነዠከች ዞር ብላ አየቻቸው፤ አልጮኸችም።

«ለነጋዴው ምን ልበለው?» አለ ጎሹ በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አለች ትርንጎ፤ እንባዋ ይወርዳል። «ዝም በልና አድምጣት።»

ተረቴን መልሱ፤ በብርሃን የተጻፈን አትደምስሱ።