ኩራዙ ምን አለህ?

አንድ ማሽላ አብቃይ መንደር ነበር። የመንደሩ ሰው እህሉን የሚያኖረው በጎተራ ሳይሆን በጉድጓድ ነው። ከመኸር በኋላ ጉድጓዱን ሞልቶ አፉን በድንጋይ ይገጥመዋል፤ ዙሪያውን በጭቃ ይመርገዋል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ይከፍተዋል። መክፈቱ ግን ለማንም የሚተው ሥራ አልነበረም። ጉድጓድ ከፋች የሚባል አንድ ሰው ነበረ፤ እሱ ሳይመጣ ድንጋዩን የሚነካ የለም።

የቀድሞው ከፋች አባ ይመር ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ድንጋዩን ያስነሳሉ፣ ኩራዝ ለኩሰው በገመድ እስከ ታች ያወርዳሉ፣ እስከ ሃያ ቆጥረው ይስባሉ፣ ከዚያ «ግባ» ወይም «ነገ» ይላሉ። ለምን ነገ እንደሆነ ለሚጠይቃቸው መልሳቸው «ሥርዓቱ ነው» የሚል ብቻ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ሥራው ለፈንታው ተሰጠ። ፈንታው አሥር ዓመት ሙሉ ገመድ ይዞላቸው ስለነበር የሚያደርጉትን ሁሉ እንደ ዳዊት ሸምድዶታል። ድንጋይ ማንሳት፣ ኩራዝ ማውረድ፣ ሃያ መቁጠር፣ መሳብ። አንዲት አያጎድልም፤ በዚህም ይኮራ ነበር።

የሚያበሳጨው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኩራዙ አንዳንዴ ጠፍቶ ይወጣል። ያን ጊዜ ሥራው የተበላሸበት ስለሚመስለው «ንፋስ ነው» ይልና ቶሎ ለኩሶ እንደነደደ ለጉድጓዱ ባለቤት ይሰጠዋል። ከዚያም «ግባ» ይላል። አባ ይመር አልፎ አልፎ «ነገ» እያሉ ያጉላሉት የነበረው ሕዝብ በፈንታው ተደሰተ። ጉድጓዶቹ አብዛኞቹ ጥልቀት ስላልነበራቸው፣ እግዜርም ስለጠበቀው፣ ለዓመታት ክፉ ነገር ሳይደርስ ቀረ።

ዝናብ የቀረበት ዓመት መጣ። የየቤቱ ጉድጓድ ተራቆተ። የቀረው ከሦስት ዓመት በፊት ግማሹ ተወስዶ እንደገና የተዘጋው ጥልቁ የማኅበር ጉድጓድ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መንደሩ በሙሉ ስልቻውን ይዞ ዙሪያውን ቆመ። ወደ ውስጥ ገብቶ እህሉን የሚያወጣው የፈንታው ታናሽ ወንድም አራጌ ነው።

ፈንታው ኩራዙን አወረደ። ገና አንድ ሰው ቁመት ሳይወርድ ጠፋ። ስቦ ለኮሰው፤ ዳግመኛ ጠፋ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ሁለት ቀን እህል ያልቀመሰ ልጅ የታቀፈች ሴት ፊት ለፊቱ ቆማ አፍ አፉን ታየዋለች። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያወርደው ወደ ታች አልተመለከተም። ሃያ ቆጠረ፣ ሳበ፣ ኩራዙን ሣሩ ላይ አስቀመጠው።

አራጌ ገመዱን ወገቡ ላይ እያሰረ «ወንድሜ፣ መብራቱ እኮ እምቢ አለ» አለው።

ፈንታውን ፍርሃት ነካ አደረገው። ግን ይህን ሁሉ ሰው በባዶ ስልቻ መመለስ ከፍርሃቱ ይልቅ ከበደው። «ወርዷል፣ ሃያም ተቆጥሯል። ሥርዓቱ ተፈጽሟል፤ ግባ» አለ። አራጌ ታላቁን አምኖ ወረደ።

በዚህ መሐል የአባ ይመር ባለቤት እማማ ዘነቡ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ደረሱ። ጉድጓዱን አላዩም፤ ሣሩ ላይ የተቀመጠውን ኩራዝ አዩ።

«ፈንታው፣ ኩራዙ ምን አለህ?»

«አውርጄዋለሁ እማማ፤ ልክ እንደ አባ ይመር።»

«ማውረድህን መቼ ጠየቅሁህ ልጄ? ምን አለህ ነው የምልህ።»

ፈንታው ጎንበስ ብሎ ኩራዙን አየው። ስንት ዓመት አውርዶ ሲያወጣው አንድም ቀን እንዲህ አይቶት አያውቅም። ክሩ ጠቁሯል፤ ጋዙ ግን ሙሉ ነው፤ በዚያ ረፋድ ቅጠል የሚያነቃንቅ ንፋስ አልነበረም። የወንድሙን ስም ወደ ታች ተጣራ። መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። ገመዱ እጁ ላይ ድንገት ከበደ።

ስልቻውን ጥሎ ገመዱን ያልያዘ ወንድ አልነበረም። አራጌ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ አንገቱ ተንጠልጥሎ ወጣ። ሣሩ ላይ አጋደሙት። ፈንታው በነጠላው እያራገበ እናታቸው በልጅነቱ ስታቆላምጠው በነበረው ስም ይለምነው ጀመር። ከብዙ ቆይታ በኋላ አራጌ ሳል አለው፤ ዓይኑን ገለጠ። ፈንታው በሰው ፊት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

እማማ ዘነቡ አጠገቡ ተቀመጡ። ባላቸው አባ ይመር ታላቅ ወንድማቸውን ያጡት በዚሁ ጉድጓድ እንደነበር ያን ቀን ተናገሩ። «እሳት የማይኖርበት ቦታ ሰውም አይኖርበትም ይለኝ ነበር። ለእናንተ ግን የወንድሙን ስም ማንሳት እያቃተው ዝም አለ። ሥርዓቱን አወረሰህ፤ ምክንያቱን ይዞት መቃብር ገባ። ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም» አሉት።

ያን ቀን እህል አልወጣም። የታፈነው ክፉ አየር እንዲወጣ ጉድጓዱን በጋቢና በቅጠል ሲያናፍሱ ዋሉ፤ ልጆች ጦማቸውን አደሩ፤ ወላጆችም ቻሉት። በማግስቱ ኩራዙ እስከ ታች ወርዶ እየነደደ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ከፋቹ ኩራዙን ሲያወጣ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ወደ ውስጥ የሚገባውም «ነደደ» የሚለውን በጆሮው ሳይሰማ እግሩን አያነሳም።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ «ፕሮሲጀር» የምንላት ቃል አለች። ትርጉሟ፣ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ዋጋ ከፍለው ያገኙት፣ ሥራን በደህና የሚያደርስ መንገድ ማለት ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንጠራት የጠያቂን አፍ ለመዝጋት ነው፤ «ፕሮሲጀር ነው» ካልን በኋላ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። ኩራዙን አውጥቶ መጣል ሞኝነት ነው፤ ሳያዩት ማውረድም ከዚያ አይሻልም። የምታስተምሩ ሰዎች፣ ቢያማችሁም ምክንያቱን ሳትነግሩ ሥርዓቱን ብቻ አታውርሱ። የምትማሩም ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

እርስዎስ ዛሬ ሥራ ቦታዎ ላይ ያወረዱት ኩራዝ ምን አለዎት?