አንዴ ብቻ የምትጋብዝ አይጥ

ትሁኔን ያስራበቻት ድንቡሼ የምትባል አይጥ ናት። ስሟ ቀድሞ ይጠራ፤ ሌባ ፊት ፊት ሲሄድ ነው የሚያምርበት።

አውሬው ሁሉ እንደ ሰው በሚነጋገርበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋ አገር፣ ገደል ላይ የሚኖሩ ሽኮኮዎች ነበሩ። ከነሱ ፊደል የቆጠረ አንድም የለም። ትሁኔ የምትባለው ልጅ ግን ካልተማርኩ ብላ አስቸገረች። እናቷ ገብስ ቆልታ፣ በሶ ፈጭታ፣ ስልቻ ሙሉ አሸከመቻትና የኔታ ጉሬዛ ወደሚያስተምሩበት ከተማ ሰደደቻት። ስልቻው ካለቀ ትምህርቱም አለቀ፤ ሌላ እህል የለም። ማደሪያ የሰጠቻት ድንቡሼ ናት፤ ከገደሉ ሥር ያደገች፣ የእናቷ የድሮ ጎረቤት።

ከተማው ለትሁኔ ጉድ ሆነባት። ግንቡ ከግንቡ ተጣብቆ ፀሐይ እንኳ ቀትር ካልሆነ አትገባም። በገደሉ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ጎን ለጎን ተኮልኩሎ ፀሐይ እየሞቀ፣ እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹስ፣ ያቺ የታመመችውስ ተባብሎ ነበር ቀኑ የሚጀመረው። እዚህ አንዲቱን ፍየል እንዴት አደሩ ብትላት፣ ፍየሏ ማንን ነው ብላ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች።

ራት ሲደርስ ድንቡሼ ከስልቻው ዘግና በሶ ለውሳ አቀረበች።

«ብይ» አለቻት።

«ኧረ ጠግቤያለሁ፣ እትዬ።»

የገደሉ ወግ ነው። እዚያ በመጀመሪያው ግብዣ እጁን የሚዘረጋ ስድ ይባላል። በሁለተኛውም እምቢ ይባላል፤ «በሞቴ» ሲመጣ ነው የሚበላው። ትሁኔም አንገቷን ደፍታ «በሞቴ»ን ጠበቀች።

«እንግዲያ ጠገብሽ ካልሽ» አለች ድንቡሼ፤ ላፍ አደረገችው።

በማግስቱም ብይ፤ ኧረ ጠግቤያለሁ፤ እንግዲያ ጠገብሽ ካልሽ፤ ላፍ። በሳልስቱም እንዲያው። ድንቡሼ በገዛ በሯ አልገባ እስክትል ወፈረች። ትሁኔ መንገድ ዳር ሣር እየነጨች ትውላለች።

ርሃቡስ ይቻል ነበር። ያልቻለችው ያችን ቃል ማጣት ነው። ሀ ሁ ስትል የእናቷ «በሞቴ» ጆሮዋ ላይ ይመጣባትና ፊደሉ ይጠፋታል። ልመለስ ብላ ስንት ጊዜ ከከተማው ጫፍ ደርሳ፣ ገደሉን አሻግራ እያየች ቆማለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ስትመለስ ድንቡሼ ጎረቤቷን ዶሮ ስታጫውት ሰማች።

«ልጅቷ እንዴት ያለች ጨዋ መሰለችሽ! በሞቴ እስክላት ትጠብቃለች። ወጉ ጠፍቶኝ ነው? አብሬው አድጌያለሁ። ግን አንድ በሞቴ ባወጣ አንድ ገበታ በሶ ይጎድልብኛል።»

«ስልቻው ሲያልቅስ?» አለች ዶሮዋ እየተንከተከተች።

«ወደ ገደሏ ትሄዳለች። ፊደል ለሽኮኮ ምን ይሠራል?»

ትሁኔ ገብታ ስልቻውን ዳበሰችው፤ ከወገቡ ወርዷል። በዚያች ማታም አፏ ለምዶባት ጠግቤያለሁ አለች። ድንቡሼም ላፍ።

በማግስቱ ጠዋት ድንቡሼ «ብይ» ስትል፣ ቃሉ መሬት ሳይነካ ትሁኔ «እበላለሁ» አለች። የአይጧ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። በሞቴ ያልተባለበት እህል ጉሮሮዋን እየቧጠጣት፣ እንባዋ በሶው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ትሁኔ ገበታውን ጠርጋ በላች። ከዚያም የተረፈውን ስልቻ አዝላ፣ የኔታን የማደሪያ ጥግ ልትለምን ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ነው የገደሉ እናቶች ልጅ ሲሸኙ፦ በሚወድሽ ፊት እፈሪ፣ በሚበላሽ ፊት ተናገሪ የሚሉት።