ሬስሊንግ ወዳዷ ልብስ አጣቢ

ይህን ያጫወቱኝ የጓሮ ጎረቤቴ እትዬ ትርንጎ ናቸው። አንዲት ልብስ አጣቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ቪዲዮ ቤት ገብታ ሬስሊንግ ታያለች፤ ጩኸቷ ሰፈሩን ያናውጣል። ይህ ያንገበገባቸው የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር አቶ ደምመላሽ፣ ካፖርታቸውን ደርበው በእድሩ ስብሰባ መሀል አስነሷት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ድብድቡ እውነት ነው ውሸት? እውነት ነው ካልሽ ጅል ነሽ፤ ውሸት ነው ካልሽ ደግሞ የውሸት ወዳጅ ነሽ። በሁለቱም ከእድሩ ትሰረዣለሽ፤ ቀባሪም አታገኚም!»

«ውሸት ነው ጋሼ» አለች። «ግን እዚያ ሻምፒዮኑ በውሸት ሲሸነፍ እንኳ የድል ቀበቶውን ለአሸናፊው ያስረክባል። እርስዎ ሁለት የእድር ምርጫ በእውነት ተሸንፈው፣ የእድሩ ማኅተም ዛሬም ኪስዎ ውስጥ ነው።»

እሷ ከእድሩ አልተሰረዘችም። አቶ ደምመላሽ ማክሰኞ ዕለት ማኅተሙን አስረክበዋል።